ስለ ማርሰሊን ዴቦርድ-ቫልሞር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስሟን ገና መስማቴ ነው። ማን ናት?

መልስ፦ በ1786 በሰሜን ፈረንሳይ፣ ዱዌ ከተማ ተወልዳ በ1859 ፓሪስ ያረፈች ገጣሚ ናት (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ የመኳንንት ዓርማ ይሥል ነበር፤ የፈረንሳይ አብዮት መኳንንቱን ሲጥል የእሱም እንጀራ ተቆረጠ። እናቷ ልጅቷን ይዛ በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው የፈረንሳይ ቅኝ ደሴት፣ ወደ ጓዴሎፕ ተሻገረች፤ በ1803 እዚያው በቢጫ ወባ ሞተች። ማርሰሊን ወደ ፈረንሳይ ተመልሳ በተዋናይነትና በዘፋኝነት ኖረች። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1819 ወጣ።

ጥያቄ፦ ብዙ ሳትማር ያን የመሰለ ምት ከየት አመጣች?

መልስ፦ ከመድረክ ይመስለኛል። ተዋናይ የስንኝ ድራማ በቃሏ ትይዛለች፤ ዘፋኝ ደግሞ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ታውቃለች።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይኛዬ ደካማ ነው። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ «የሳዲ ጽጌረዳዎች» ከሚለው። ዘጠኝ ስንኝ ብቻ ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ በሦስት አንጓ። መነሻው የፋርሱ ገጣሚ ሳዲ ነው፤ በሳዲ ሰውዬው በጽጌረዳው መዓዛ ሰክሮ አበባ ሊሰበስብበት የያዘው የልብሱ ጫፍ ከእጁ ያመልጠዋል። እሷ ግን ጽጌረዳውን የያዘችበት የመቀነቷ ቋጠሮ ከአበባው ብዛት የተነሣ እንዲበጠስ፣ አበባው ወደ ባሕር እንዲሄድ፣ ማዕበሉም እንዲቀላ አደረገች። ማታ የሚቀረው በቀሚሷ ላይ ያለው ሽታ ነው።

ጥያቄ፦ የዚህን ግጥም የመጀመሪያ ስንኝ ቀለም (ክፍለ ቃል) በፈረንሳይኛው ስቆጥር 13 ይመጣብኛል። 12 ነው ይላሉ።

መልስ፦ የመጨረሻውን «ሮዝ» (ጽጌረዳ) ሁለት አድርገው ቆጥረውታል። በስንኝ መጨረሻ ላይ ያለ ድምፅ አልባ «ኧ» (በፈረንሳይኛ e ተብሎ የሚጻፈው) አይቆጠርም። በስንኙ መካከል አናባቢ ከተከተለው ይዋጣል፤ ተነባቢ ከተከተለው ግን ይቆጠራል፣ በተራ ንግግር ባይሰማም። ስለዚህ፦ ዤ-ቩ-ሉ-ስ-ማ-ታን፣ 6፤ ት-ራ-ፖር-ቴ-ዴ-ሮዝ፣ 6።

ጥያቄ፦ ወደ አማርኛ ልመልሰው ብል በየትኛው ቤት?

መልስ፦ በወል ቤት። እሱም 6 በ6 ስለሆነ ልኩ ይገጥማል። የሚያስቸግረው ቤት መምቻው ነው። በየአንጓው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች እርስ በርስ ይመታሉ፤ 3ኛው፣ 6ኛውና 9ኛው ደግሞ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ያልቃሉ። ከላይ ወደ ታች ከተረጎሙ 9ኛው ላይ ሲደርሱ ቃል ያጥርዎታል፣ ያኔ መሙያ ቅጽል ይገባል፣ ግጥሙም ይበላሻል። በመጀመሪያ ለሦስቱ መዝጊያ ስንኞች የሚሆኑ ሦስት ቃላት ይፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሥሩ። «ውብ»፣ «ቀይ»፣ «መዓዛማ» እያሉ ጽጌረዳውን አያስጊጡት፤ እሷ አበባውን በቅጽል አላሳመረችውም።

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊው ገጣሚ ቬርሌን ከእሷ ተምሯል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። አጥብቆ እንዲያነባት የገፋፋው ገጣሚ ጓደኛው ራምቦ ነው። ቬርሌን በ1888 «የተረገሙ ገጣምያን» የተባለውን መጽሐፉን አስፋፍቶ ሲያሳትም እሷን ጨመረ፤ ከሴቶች ብቸኛዋ ናት። ከእሷ የወሰደው ባለ 11 ቀለሙን ስንኝ ነው። ከሞተች በኋላ በ1860 ጄኔቭ በታተመው መድበል ውስጥ ስላለፈ ልጅነቷ የጻፈችው ረጅም የሕልም ግጥም ስንኙ በ5 እና 6 የተከፈለ ነው። ጆሮ 12 ሲጠብቅ አንድ ይጎድላል፤ እንቅልፋም የሆነ መንገዳገድ የሚሰጠውም ያ ነው።

ጥያቄ፦ የፍቅር እንባ ብቻ አይደለችም?

መልስ፦ ብዙዎች እንዲያ ብለው አሳንሰዋታል። በሚያዝያ 1834 የሊዮን የሐር ሸማኔዎች አመፅ በጦር ሲደመሰስ እሷ ከተማው ውስጥ ነበረች። ስለዚያ የጻፈችው ግጥም ሙታናችንን የምንቀብርበት ገንዘብ አጣን በምትል ሴት ይጀምራል፤ ወዲያው ቄሱ የቀብሩን ዋጋ እየመዘገበ ይታያል።