ዲስኩ ሲጮህ ዘይት አትቀቡት

ሰሞኑን አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ የሞተሬ የፊት ፍሬን ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ዲስኩ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ባደርግበትስ?» አለኝ። ክው አልኩ። ዲስክ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ከግራና ከቀኝ ጨብጦ የሚያቆመው እሱን ነው። እሱስ ጠየቀ፤ ሳይጠይቅ የሚቀባው ስለሚበዛ ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

ድሮ ደሴ ውስጥ ዲስክ ያለው ሞተር በጣት የሚቆጠር ነበር። አብዛኛው ታምቡር ነው፤ ሸራው ክብ ብረት ውስጥ ተደብቆ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋበት ዓይነት። ታምቡር ውስጥ ሸራውን የሚገፋው ዘንግ ጥቂት ግራሶ ይፈልጋል፣ ሲደርቅ ይንቃቃል። የመካኒኩ እጅ ለመደ፤ ጮኸ፣ ቀባ። ዲስክ ሲመጣም ልማዱ አብሮ መጣ።

አንድ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በመስሪያ ቤት ሞተር ገጠር ለገጠር ሲዞር ይውላል። ሳቂታ፣ ቡና ቤት ከገባ የሁሉንም ካልከፈለ ደስ የማይለው ሰው። የፊት ፍሬኑ መጮህ ሲጀምር አንድ ጋራዥ ወሰደው። እዚያ ዘይት የነካ ጨርቅ ዲስኩ ላይ አሳለፉለት። ጩኸቱ ጠፋ። ምን እንደተደረገ የነገረው የለም። አመስግኖ፣ የመድኃኒት ሳጥኑን ከኋላ አስሮ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከፊቱ የጫነ መኪና እያዘገመ ነው። ፍሬኑን ሲጨብጠው እንደ ወትሮው ጠጠር አለለት፣ ሞተሩ ግን አልያዘም። የዘይት ክፋቱ ይሄ ነው፤ እጅህ ላይ ምንም ለውጥ አይሰማህም። የኋላውን ረገጠ፤ እሱም ብቻውን አልቻለም። መኪናው ስር ከመግባት ብሎ ራሱን ወደ ቦዩ ጣለ። ነፍሱ ተረፈች። ጉልበቱ ግን እንደ ነበረ አልሆነም፤ ሞተር ላይ ዳግም አልወጣም። ገበሬው ከብቱ ሲታመምበት ስሙን እየጠራ ይፈልገው ነበር፣ እሱ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ይሞላል።

ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመለስ የፈታሁት እኔ ነኝ። ሸራው ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው እርጥቡ ወጣ። የጩኸቱ ምክንያት ደግሞ ምን ሆኖ ተገኘ? ሸራው ላይ የተሰካች የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠጠር። በመርፌ ጫፍ ትወጣ ነበር። አንድ ሰው ፈትቶ ቢያይለት ኖሮ እያልኩ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ዘይት የነካው ሸራ ይጣላል፣ አበቃ። በእሳት የሚያቃጥሉት፣ በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁት አሉ፤ ዘይቱ ውስጡ ሰርጎ ስለሚቀር አትመኑት። ዲስኩን በፍሬን ማጽጃ ወይም በንጹህ አልኮል ጥረጉት። ላምባና ናፍጣ አይሆንም፣ ቅባት ጥለው ይሄዳሉ። ግራሶ የሚፈልገው ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል፣ የሚንሸራተትበት ፒን ነው፣ እሱም ሙቀት የሚችለውንና ጎማ የማይጎዳውን ዓይነት። ካቴና በስፕሬይ ስትቀቡ የኋላውን ዲስክ በጨርቅ ሸፍኑት፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ፍሬኑን የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። የሞተር ዘይት የፍሬን ዘይት ቦታ የሚጨምርም አይቻለሁ፤ ውስጥ ያለውን ጎማ ያሳብጠዋል። ዶት 4 የፍሬን ዘይት ዓይነት ነው፤ የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ ዶት 4 ካለ የሚጨመረው ዶት 4 ነው። አዲሱ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ከቆየና እርጥበት ከጠጣ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትግዙ።

ደሴ ክረምት ላይ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሲያድር ዲስክ ትንሽ ይዝጋል። ጠዋት ይጮህና ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። ለዚያ አብሽሩ።

የዘንድሮ ልጆች ለስቲከርና ለመብራት ገንዘብ አይሰስቱም፣ ሸራ ላይ ሲደርሱ ክርክር ነው። ይሄ ያናድደኛል። ፍሬን ራሳችሁ አትነካኩ፣ ለባለሙያ ስጡ እላለሁ። ግን ያንን ዲስክ የቀባውም ባለሙያ ነበር። እንግዲህ ሲሠራ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ፣ ምን እየቀባህ ነው በሉት። ቢቆጣም ይቆጣ።

አንተ ደግሞ የጠየቅከኝ ልጅ፣ አዲስ ሸራ ካስገባህ በዚያው ቀን ሐረጎን እንዳትወርድ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ቀስ እያልክ፣ በመሃል እያቀዘቀዝክ፣ ደጋግመህ ያዘው፤ ሸራው ከዲስኩ ጋር ይስማማ። ከዚያ ስትወርድ ዜሮ ማርሽ የለም፣ በሁለትና በሦስት ያዘው።