ሪፖርትድ ስፒች ለምን ያሳስታል? ለእኅታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም እኅታችን። የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንደሆንሽ ገልጸሽ፣ የግሥ ጊዜ መለወጫውን ሠንጠረዥ («ዊል» «ውድ» ይሆናል የሚለውንና የመሳሰለውን) በቃልሽ ይዘሽ ሳለ ሪፖርትድ ስፒች፣ ማለትም ሌላ ሰው የተናገረውን መልሶ መዘገብ፣ ፈተና ላይ ለምን እንደሚያሳስትሽ ጠይቀሻል። በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ እንግሊዝኛ ሳስተምር እንዳስተዋልኩት፣ የአብዛኞቹ ተማሪዎች ስሕተት የሚጀምረው ከግሡ ጊዜ ሳይሆን ከተናጋሪው ማንነት ነው።

በአማርኛ «አልማዝ ነገ አንኮበር እሄዳለሁ አለችኝ» ስንል ግሡ በአንደኛ መደብ ቢቀመጥም ሄያጇ አልማዝ መሆኗ ለማንም ግልጽ ነው። ይህን ልማድ ይዘን «አልማዝ ቶልድ ሚ ዛት አይ ዊል ጎ ቱ አንኮበር» ብለን ስንጽፍ ግን፣ እንግሊዝኛ አንባቢ ተጓዡ ጸሐፊው ነው ብሎ ይረዳል። መፍትሔው እዚያው አማርኛችን ውስጥ አለ፤ «አንኮበር እሄዳለሁ አለችኝ» የሚለውን በልብሽ «አንኮበር እንደምትሄድ ነገረችኝ» ወደሚለው ቀይሪው። መደቡ በራሱ ወደ ሦስተኛ ስለሚዞር «ሺ» የሚለው ተውላጠ ስም ያለ ጭንቀት ይመጣል። አማርኛው የማይረዳሽ በግሡ ጊዜና እንደ «ነገ» ባሉ የጊዜ ቃላት ስለሆነ፣ የያዝሽው ሠንጠረዥ የሚያስፈልገው አሁን ነው፦ «አልማዝ ቶልድ ሚ ዛት ሺ ውድ ጎ ቱ አንኮበር ዘ ኔክስት ዴይ»።

በጥያቄ ዐረፍተ ነገር ላይ ይህ ዘዴ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ተማሪዎች ብዙ ነጥብ የሚያጡትም እዚህ ነው። «የት ነው የምትኖሪው? አለኝ» የሚለው «የት እንደምኖር ጠየቀኝ» ሲሆን የጥያቄ መልኩን ያጣል፤ እንግሊዝኛውም «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይሆናል እንጂ «ዌር ዲድ አይ ሊቭ» አይባልም። አዎ ወይም አይደለም የሚያስመልስ ጥያቄ ከሆነ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባበታል። ትእዛዝም እንዲሁ ነው፦ «የበሬሳን ወንዝ አትሻገሩ አለን» ማለት «እንዳንሻገር ነገረን» ማለት ስለሆነ «ሂ ቶልድ አስ ኖት ቱ ክሮስ ዘ በሬሳ ሪቨር» ተብሎ ይጻፋል።

«ቶልድ» አድማጩን ወዲያው ያስከትላል፤ «ሰይድ» ግን «ቱ» ካልገባበት አያስከትልም፤ ስለዚህ «ሰይድ ሚ» ስሕተት ነው።

ሠንጠረዡን በጭፍን እንዳትከተይው አደራ እላለሁ። ዘጋቢው ግሥ «ሰይዝ» ከሆነ የግሡ ጊዜ አይለወጥም። ዛሬም እውነት የሆነ ነገርም ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል፤ መምህሩ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች ቢሉ፣ ርቀቱ አሁንም ያው ስለሆነ «ኢዝ» ቢባል ትክክል ነው። «ቱሞሮው» የሚለውም «ዘ ኔክስት ዴይ» የሚሆነው ንግግሩ የተነገረበት ቀን ካለፈ ነው፤ በዚያው ቀን ከተዘገበ እንዳለ ይቀመጣል። ፈተና ላይ ግን የተዘገበበት ቀን ካልተገለጸ፣ የሚጠበቅብሽ የተለወጠውን መምረጥ ነው።

ለልምምድ ቤተሰቦችሽ ማታ የተናገሩትን በመጀመሪያ በ«እንደ» እና በ«እንዳ» አድርገሽ በአማርኛ ጻፊው፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ አዙሪው፤ የሚያጠራጥርሽ ዐረፍተ ነገር ካለ እዚሁ ብታቀርቢው በደስታ አየዋለሁ።