የአንባቢያን ጥያቄ፦ የመስኖ እርሻ ለመሸጥ ሲታሰብ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም በሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ሽያጭ ላይ ያተኮሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ በመካከለኛው አዋሽ 300 ሄክታር የመስኖ እርሻ አለኝ። መሬቱ ከመንግሥት በኪራይ የተያዘ ሲሆን ውሉ 17 ዓመት ይቀረዋል። ውኃውን ከአዋሽ በፓምፕ እንስባለን፤ ጥጥና ስንዴ እናፈራርቃለን። አንድ ደላላ «የሄክታሩን ዋጋ ቁረጥና ገዢ ላምጣ፤ ቀብዱን ወዲያው ትቀበላለህ» አለኝ። በሄክታር ስንት ልበል?

መልስ፦ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት የሚሸጡት ምን እንደሆነ ይለዩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የእርስዎ የሆነው በመሬቱ ላይ በገንዘብዎና በጉልበትዎ ያፈሩት ንብረት ነው፤ ቦዩ፣ የፓምፕ ቤቱ፣ መጋዘኑ፣ ተደልድሎ የተስተካከለው ማሳ። ከዚህ ጋር አከራዩ ሲፈቅድ ቀሪውን የ17 ዓመት የመጠቀም መብት ማስተላለፍ ይችላሉ። ውሉም በዚሁ ቋንቋ መጻፍ አለበት። «300 ሄክታር መሬት ሸጫለሁ» ብሎ የሚጀምር ውል ሁለታችሁንም ፍርድ ቤት ያደርሳል።

ቀብዱን አሁን አይቀበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሻጭ ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። አከራዩ መሥሪያ ቤት ዝውውሩን ባይፈቅድ ገዢው ጥፋቱን ወደ እርስዎ አዙሮ እጥፉን ሊጠይቅ ይችላል። መጀመሪያ የኪራይ ውልዎን አውጥተው ስለ ማስተላለፍ የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ። መሬቱ በተወሰነ መጠን ሳይለማ ማስተላለፍ ይከለከላል ይላል? ማመልከቻው ለማን ነው የሚቀርበው? ከዚያ በኋላ ፈቃዱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ገዢው ቁርጠኝነቱን ለማሳየት ገንዘብ ማስቀመጥ ከፈለገ ባንክ ውስጥ በዝግ ሂሳብ ይቀመጥ፤ ፈቃዱ ሲመጣ የሚለቀቅ፣ ሲከለከል ያለ ቅጣት የሚመለስ መሆኑ በውል ይጻፍ።

እርሻው በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስም ከተያዘ ሌላ መንገድ አለ፤ አክሲዮኑን መሸጥ። የኪራይ ውሉም ሆነ የውኃ ፈቃዱ በማኅበሩ ስም እንዳለ ይቀጥላል። ነገር ግን የማኅበሩ የግብር ዕዳና የፍርድ ቤት ክርክር አብሮ ስለሚሄድ አስተዋይ ገዢ በዚህ መንገድ ሲገባ የዋጋ ቅናሽም ዋስትናም ይጠይቃል። የባለቤት ለውጥን እንደ ዝውውር የሚቆጥሩ የኪራይ ውሎችም ስላሉ አክሲዮን መሸጥ ሁልጊዜ ከፈቃድ ጥያቄ አያድንም።

አሁን ወደ ዋጋው። የመስኖ እርሻ ዋጋ የሚቆመው በሄክታር ብዛት ሳይሆን በውኃው ላይ ነው። ገዢ የሚያመጣው መሐንዲስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሰከንድ ስንት ሊትር ትስባላችሁ?» ብሎ ነው። እርስዎ ቀድመው ያስሉት። ሰብሉ በሙቀቱ ወቅት በቀን 7 ሚሊ ሜትር ውኃ ከፈለገ ለአንድ ሄክታር 70 ሜትር ኩብ ነው። በአፈር ቦይ የሚሄድ ውኃ በስርገትና በትነት ብዙ ስለሚጠፋበት ማሳው ላይ በጥቅም የሚውለውን 55 በመቶ ብንል፣ ከወንዙ መሳብ ያለበት 127 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ለ300 ሄክታር በቀን 38 ሺህ ሜትር ኩብ ማለት ነው። ፓምፑ 20 ሰዓት ቢሠራ በሰከንድ 530 ሊትር ያስፈልጋል። ፓምፕዎ 350 ሊትር ብቻ የሚስብ ከሆነ በሙቀቱ ወቅት በአግባቡ የሚያጠጡት 200 ሄክታር ያህሉን ነው፤ ገዢውም የሚከፍለው ለዚያው ነው።

መለካቱ ከባድ አይደለም። ቀጥ ያለና ንጹሕ የሆነ 20 ሜትር ቦይ ይምረጡ፤ ከውኃ የሚንሳፈፍ ነገር ይጣሉና ሰዓት ይያዙ፤ አምስት ጊዜ ደግመው አማካዩን ይውሰዱ። 35 ሰከንድ ከፈጀ የላይኛው ፍጥነት በሰከንድ 0.57 ሜትር ነው። የታችኛው ውኃ ስለሚዘገይ በ0.85 ያባዙት፤ 0.49 ይሆናል። የቦዩ አማካይ ስፋት 2.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.5 ሜትር ከሆነ፣ 1.1 ሲባዛ በ0.49 በሰከንድ 540 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ሣር የወረረው ቦይ ላይ ይህ ስሌት ከእውነተኛው በላይ ስለሚያሳይ አስቀድመው ያስጠርጉት። አንዴ ፓምፑ ሥር፣ አንዴ የመጨረሻው ማሳ በር ላይ ይለኩ፤ ልዩነቱ ቦዩ የሚያባክነውን ይነግርዎታል። ልኬቱን ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ካደረጉት ማንም አያምንዎትም፤ ውኃው በሚቀንስበት በበጋም ይደገም።

የነዳጅ ወጪውንም አብረው ያቅርቡ። 530 ሊትር በሰከንድ 12 ሜትር ከፍታ ላይ ለማውጣት፣ የፓምፑ ብቃት 65 በመቶ ከሆነ፣ 96 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። ይህ በናፍጣ በሰዓት 27 ሊትር አካባቢ ነው። የእርስዎ መዝገብ 40 ሊትር የሚያሳይ ከሆነ የፓምፑ ምላጭ በአዋሽ ደለል ተበልቷል ወይም የመምጠጫው ቱቦ አየር ይስባል። ምላጩን አስለውጦ መሸጥ ከዋጋ ቅናሹ ይረክሳል።

ከወረቀቱ በኩል የሚከተሉት ተሟልተው ይጠብቁ፦ የኪራይ ውሉና የኪራይ ክፍያ ደረሰኞች፣ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት የተሰጠ የውኃ መጠቀሚያ ፈቃድና የክፍያ ደረሰኝ፣ የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ በመለኪያ መሣሪያ የተነሣ የማሳ ካርታ፣ የታክስ ክሊራንስ፣ ትራክተሮቹና ፓምፖቹ በዕዳ አለመያዛቸውን የሚያሳይ ማስረጃ። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ ሲሆን ብሔራዊ ባንክ በሚገኘው የመያዣ መዝገብ ላይ ይሰፍራልና ገዢው እዚያ ማየቱ አይቀርም። በካርታው ላይ የከብት ማለፊያውንና ወደ ወንዙ መውረጃውን ማሳየት አይርሱ። ከአካባቢው አርብቶ አደሮች ጋር ያለው ስምምነት ሳይነገረው የገባ ገዢ በመጀመሪያው በጋ ጠብ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ከ300 ሄክታር ማሳዎቻችን በ60 ሄክታሩ ላይ ነጭ ጨው ወጥቷል። አንድ ወዳጄ «በጥልቀት አሳርስና ውኃ ልቀቅበት፤ ገዢ ሲመጣ አይታይም» አለኝ። ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም፤ ይጎዳዎታልም። እያወቁ የደበቁት ጉድለት በውሉ ላይ «እንዳለ ተረከብኩ» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ከተጠያቂነት አያድንዎትም። ደግሞም አይደበቅም። ጨው ወደ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የከርሰ ምድር ውኃው ስለቀረበ ነው፤ በአሚባራና በመልካ ሰዲ እርሻዎች ላይ ለዓመታት የታየው ይኸው ነው። ማፋሰሻ በሌለበት ማሳ ላይ ተጨማሪ ውኃ መልቀቅ የከርሰ ምድሩን ውኃ ይበልጥ ያቀርበዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጨው ከበፊቱ ሰፍቶ ይመለሳል።

ይልቅ ይመርመሩትና በቁጥር ያቅርቡት። ማሳውን በ10 በ10 ሄክታር ይክፈሉ፤ ከእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ቦታ አፈር ወስደው ይቀላቅሉ፤ ከ0–30፣ ከ30–60 እና ከ60–90 ሴንቲ ሜትር ያለውን ለየብቻ በከረጢት ያድርጉ። ቤተ ሙከራው የሚለካልዎት ጨዋማነቱን (በዴሲሲመንስ በሜትር)፣ ፒኤች እና የሶዲየም ድርሻውን ነው። ጨዋማነቱ ከ4 በላይ ከሆነ አፈሩ ጨዋማ ይባላል፤ የሶዲየም ድርሻው ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ ሶዲየማዊ ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ይለያያል። ጨዋማው በመልካም ማፋሰሻና በውኃ ይታጠባል፤ ለአንድ ሜትር ጥልቀት አንድ ሜትር ገደማ ውኃ ቢተኛበት ከጨዉ አብዛኛው ይወርዳል። ሶዲየማዊው ግን አስቀድሞ ጂፕሰም ካልተጨመረበት ውኃውን አያሰርግም። ለጨዋማው ብቻ ጂፕሰም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከአፈሩ ጋር በየማሳው 2 ሜትር ተኩል ጉድጓድ በአፈር መሰርሰሪያ አስቆፍረው ውኃው በስንት ሜትር እንደሚገኝ በየወሩ ይመዝግቡ። ከ1.5 ሜትር ከቀረበ ማፋሰሻ የግድ ነው።

እንግዲህ ዋጋው ላይ ይህ ቁጥር የሚረዳዎት እንዴት ነው? ጨዋማነት ለሁሉም ሰብል እኩል ጉዳት አይደለም። ጥጥ እስከ 7.7፣ ስንዴ እስከ 6 ምርት ሳይቀንስ ይችላል፤ በቆሎ ከ1.7፣ ሽንኩርት ከ1.2 ጀምሮ ይጎዳል። ጨዋማነቱ 4 የሆነ ማሳ ላይ ሽንኩርት ምርቱን 45 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ጥጡ ምንም አይሆንም። ስለዚህ 300 ሄክታሩን በአንድ ዋጋ አይጥሩ። ንጹሑን፣ ጥጥና ስንዴ የሚችለውን፣ እና ማፋሰሻ የሚሻውን ለይተው ሦስት ዋጋ ያውጡለት፤ ለሦስተኛው የማፋሰሻውን ግምት ያያይዙ። ቁጥሩን ያላየ ገዢ በ60 ሄክታር ምክንያት የ300ውን ዋጋ ያወርዳል።

ከመተሐራ በታች ከሆኑ ውኃውንም ያስመርምሩ። የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውኃ ወደ አዋሽ ስለሚገባ የወንዙ ጨው ከወቅት ወቅት ይለያያል። ጨዋማነቱ በዚያው በዴሲሲመንስ በሜትር 0.7 እና ከዚያ በታች ከሆነ ችግር የለም፤ ከዚያ እስከ 3 ያለው ጥንቃቄ ይሻል።

ጥያቄ፦ አባታችን እርሻውን እንድሸጥ ቢፈልጉም እሳቸው የሚኖሩት ዋሽንግተን ነው። አጠቃላይ ውክልና ልከውልኛል፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው ንብረቱን ለይቶ ይጥቀስ፤ የመሸጥ፣ ገንዘብ የመቀበል፣ የኪራይ መብቱን የማስተላለፍና በግብር ጉዳይ የመቅረብ ሥልጣን ለየብቻ ይጻፍበት። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ከተፈረመ በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። አባትዎ ባለትዳር ከሆኑ የእናትዎም ፊርማ ይኑርበት፤ የብዙ ሽያጭ መሰናክል ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሰብሉ ማሳ ላይ እያለ ብሸጥስ? ቋሚ ሠራተኞቼንስ ላሰናብት?

መልስ፦ ሠራተኞቹን አያሰናብቱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅት ባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድና የጡረታ መዋጮ እስከ ርክክቡ ቀን በእርስዎ፣ ከዚያ ወዲያ በገዢው እንዲሆን ይስማሙ። ቦይ ከፋቹንና የፓምፕ ኦፕሬተሩን ያላቆየ ገዢ የመጀመሪያው ወቅት ይበላሽበታል።

ሰብሉን በተመለከተ ቀላሉ ከለቀማ በኋላ ማስረከብ ነው። ካልሆነ ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለናፍጣና ለጉልበት ያወጡትን በደረሰኝ አስልተው ከእርሻው ዋጋ ለይተው ይጻፉት፤ ገና ያልታየ ምርት ላይ ዋጋ መጨቃጨቅ ድርድሩን ያፈርሳል። የርክክብ ቀን ላይ የናፍጣ ታንከሩ ልክ፣ የፓምፑ ሰዓት ቆጣሪ ንባብና የትራክተሮቹ ሰዓት በሁለት ምስክር ፊት ተመዝግቦ ይፈረም።