ቀይ ቀበሮን ለማዳን ውሻ ለምን ይከተባል?

ጥያቄ፦ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ውሻ ሲከትቡ አያለሁ። ፓርኩ የተቋቋመው የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ ሆኖ ሳለ ገንዘብና ጉልበት ለቤት ውሻ መዋሉ ተገቢ ነውን? ውሾቹን ከፓርኩ ማስወጣት አይሻልም ነበር? (አንባቢ፣ ከሮቤ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተገቢ ብቻ ሳይሆን አስፈላጊም ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም አገር የለም፤ በሕይወት ካሉት ጥቂት መቶዎች መካከልም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ቀን ቀን አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ለየብቻው ቢሆንም፣ ማታና ማለዳ መንጋው ሲሰበሰብ አባላቱ አፍ ለአፍ እየተላላሱ ሰላምታ ስለሚለዋወጡ፣ ከቤት ውሾች የሚመጣውና በምራቅ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ አንዱን ከያዘ መንጋውን በሙሉ ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው በወይብ ሸለቆ በገባ ጊዜ ከሸለቆው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አልቀዋል። ጥፋቱ ወደ ሌሎች መንጋዎች እንዳይዛመት የተደረገው፣ ሸለቆውን ከተቀረው የፓርኩ ክፍል በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች የሚኖሩ ቀበሮዎች እየተያዙ በመከተባቸው ነው።

ውሻን ማስወጣት ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ከብቱን ይዞ ወደ ደጋው ግጦሽ የሚወጣ እረኛ ሌሊት ጅብን የሚከላከልለት ውሻው ነው። ምትክ ሳይሰጡ ውሻህን አስወግድ ማለት ፓርኩን ከሕዝቡ ጋር ከማቃቃር በቀር የሚያመጣው ውጤት አይታየንም። ክትባቱ ግን የገበሬውን ልጆችና ከብቶችም ከዚሁ በሽታ ስለሚጠብቅ ሰው ይቀበለዋል።

ይሁንና በየዓመቱ አዳዲስ ቡችሎች ስለሚወለዱ የውሻ ክትባት ብቻውን አይበቃም። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በአፍ የሚወሰድ ክትባት ይሰጣቸዋል፤ መድኃኒቱ በትንሽ ከረጢት ተደርጎ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት በመንጋው ክልል ይጣላል፣ ቀበሮው ሥጋውን ሲያኝክ ከረጢቱ ይፈነዳና ክትባቱ አፉን ያርሰዋል።

እርስዎም ከታቢዎቹ ሲመጡ ቡችሎችን ጨምሮ ውሾችዎን በሙሉ ያቅርቡ። ሞቶ የተገኘ ቀበሮ ካዩ ደግሞ በእጅዎ ሳይነኩ ቦታውን ለፓርኩ ጠባቂዎች ያሳውቁ፤ ከሬሳው በቶሎ የሚወሰድ ናሙና የወረርሽኝን መነሳት ገና በጅምሩ ያሳያል።