የሻማ ፍተሻ ከጉድጓድ ጋዝ አያድንም

ጥያቄ፦ እኔና ታናሽ ወንድሜ በአዲስ አበባ የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ በመጥረግ እንተዳደራለን። ቦቴው ፈሳሹን ከመጠጠ በኋላ እኔ ገብቼ የቀረውን ደለል በባልዲ አወጣለሁ፤ ወንድሜ ከላይ ገመድ ይዞ ይጠብቀኛል። አስቀድመን ሻማ አብርተን እናወርዳለን፤ ካልጠፋ እገባለሁ። የሚያሠራን ካቦ «ከፈራህ አፍህን በጨርቅ ሸፍን» ይለኛል። በቅርቡ ግን ውስጥ እያለሁ አዞረኝና በጭንቅ ወጣሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ማዞሩን ድካም ነው ብለው እንዳያልፉት አደራ እንላለን። ሻማ የሚጠቁመው የኦክስጅንን ማነስ ብቻ ነው፤ እሱንም ዘግይቶ። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን ሲኖረው፣ መጠኑ ከ19.5 በመቶ ካነሰ ቦታው ለሰው አደገኛ ተብሎ ይቆጠራል፤ ሻማ ግን ወደ 16 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ሊነድ ይችላል። ከደለሉ የሚወጣውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ደግሞ ፈጽሞ አያሳይም፤ ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ተጠራቅሞ ከሆነም ነበልባሉ ፍንዳታ ያስነሳል።

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው ጠፋ ብለው በተረጋጉበት ቅጽበት አደጋው ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ደለሉ በአካፋ ሲነካ ደግሞ ታምቆ የቆየው በአንዴ ይለቀቃል። ሲገቡ ደኅና የነበረው ጉድጓድ ሥራ ከተጀመረ በኋላ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጨርቅም ሆነ የአቧራ ማስክ ጋዝ አያስቀርም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን የወንድምዎ ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ከሚሞቱት ብዙዎቹ የወደቀውን ለማዳን ተከትለው የገቡ ናቸው። ወንድሙ ሲወድቅ እያየ እንዳይገባ መንገር ብቻውን አይበቃም፤ ሳይገባ የሚያወጣበት መሣሪያ ሊኖረው ይገባል። ራሱን የሳተ ሰው ገመድ መጨበጥ አይችልም። ትከሻና ጭን የሚይዝ የደኅንነት ቀበቶ ታጥቀው፣ ቀበቶው ከጉድጓዱ አፍ በላይ በቆመ ባለሦስት እግር ብረት ላይ ከተገጠመ በእጅ ከሚዞር ማንሻ ጋር ከተያያዘ፣ ወንድምዎ ብቻውን ሊያወጣዎት ይችላል። ይህ በሌለበት አይግቡ። አደጋ ከደረሰም ወንድምዎ ከላይ ሆኖ ማንሻውን ያዙር፣ ሌላ ሰው ወደ እሳትና አደጋ መከላከያ 939 ይደውል።

የሚሻለው ግን ሰው ጨርሶ አለመግባቱ ነው፤ ደለሉን በውኃ አቅጥኖ እንደገና በቦቴ ማስመጠጥ ብዙ ጊዜ ይቻላል። መግባት ግድ ከሆነ አየር በሚነፋ ማሽን ጉድጓዱን ማናፈስ፣ ከዚያም በጋዝ መለኪያ ከላይ እስከ ታች መለካትና መለኪያውን ሥራው እስኪያልቅ ደረት ላይ ማቆየት ያስፈልጋል። ጄኔሬተር ካለ ጭሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከጉድጓዱ ይራቅ።

እነዚህን ዕቃዎች የማቅረብ ግዴታ ያለበት፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት፣ አሠሪው ነው። ለሕይወትዎ የሚያሰጋውን አደጋ አሳውቀውት በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካላስወገደ፣ አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቁ ይፈቅድልዎታል። ስለዚህ ለካቦው ምስክር ባለበት፣ ቢቻል በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ካልሰማዎት ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ያመልክቱ። ዛሬውኑ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ያዞረዎት ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን ለሐኪሙ ይንገሩ።