«መቼ?» እና «በምን ፍጥነት?»

ልጆች፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ ላይ በብዛት የሚላክልኝ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ነው። አፍሪካ ለሁለት ስትሰነጠቅ፣ ባሕር ሲገባባት፣ ምሥራቁ ደሴት ሆኖ ሲሄድ ያሳያል። ከሥሩ «ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ አለ። የእህቴ ልጅማ «አዳማ ቦታ ልገዛ ነበር፣ ይቅርብኝ?» ብሎ ደውሏል።

አዎ፣ እውነት ነው። ቦታውን ግን ግዛ አልኩት።

የምድር ጠንካራ ልባስ አንድ ወጥ አይደለም። ፕሌት በምንላቸው ግዙፍ ክፍሎች ተከፋፍሏል፤ ከሥራቸው ባለው ትኩስና ቀስ ብሎ በሚሳብ አለት ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አፋር ላይ ሦስቱ ይገናኛሉ፦ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ። ዓረቢያ ከአፍሪካ የምትርቀው በዓመት ከ2 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ነው። የእጃችሁ ጥፍር ከዚያ ይፈጥናል። አዳማን፣ ዝዋይንና ሐዋሳን ይዞ የሚወርደው ዋናው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሰፋው። እስቲ አስሉት። አንድ ኪሎ ሜትር ለመስፋት 200 ሺህ ዓመት ይፈጅበታል። ቪዲዮው ይህን በ15 ሰከንድ ይጨርሰዋል።

ይህን ስትሰሙ «እንግዲያው ምን አገባን» እንዳትሉ ብቻ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. (2005 እ.ኤ.አ.) አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አመድ ተፋ። ቅልጥ አለት ከሥር ተነስቶ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገባና በሳምንታት ጊዜ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፈተው። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ብትሉት እንኳ የ400 ዓመት ጉዞ ነው። ፕሌቶቹ ለዘመናት ሲጓተቱ ውጥረቱ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ስለዚህ አማካዩን ፍጥነት ያወቀ ሰው ግማሹን ነው ያወቀው። ሌላው ግማሽ «በምን አኳኋን ነው የሚሄደው?» የሚለው ነው።

ወጣት ጂኦሎጂስቶችን ሳሠለጥን አጥብቄ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ማንም የምድር ታሪክ ሲተርክላችሁ ቀኑን ጠይቁት። ታሪኩ ያምራል አያምርም ሌላ ጉዳይ ነው።

አልፍሬድ ቬገነር በ1912 እ.ኤ.አ. አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ሲል ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ሜሶሳውረስ የተባለ ትንሽ ተሳቢ እንስሳ ነበር። ቅሪተ አካሉ ብራዚልም ደቡባዊ አፍሪካም ይገኛል። ውቅያኖስ ዋኝቶ እንዳይባል አቅም የለውም። እንስሳው ከ270 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ነው፤ ደቡብ አትላንቲክ መከፈት የጀመረው ደግሞ ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ስለዚህ ያኔ መሬቱ አንድ ነበር፣ ታሪኩ ያስኬዳል። የዘመኑ ሊቃውንት ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። በእኔ እይታ ደደቦች አልነበሩም። ቬገነር አህጉራትን ምን እንደሚያንቀሳቅሳቸው ማስረዳት አልቻለም ነበር። የባሕሩ ወለል ሲጠና፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ መልሱ መጣ፤ እሱ ግን በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞቷል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ወደ ጎጃም ስትሄዱ ጎሐጽዮንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ። አብዛኛው ተሳፋሪ ወይ ይተኛል ወይ ጸሎት ያደርጋል። እናንተ መስኮት ያዙ። ላይኛው ጥቁር ባዛልት ነው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የፈሰሰ። ከሱ በታች ነጣ፣ ቢጫ ያለው በደረጃ የተደረደረ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ዝቅ ሲል ጀሶው፣ ታች ወንዙ ጋ ደግሞ ቀይ አሸዋ ድንጋይ። ሹፌሩ ደህና ቦታ ከቆመላችሁ ከኖራ ድንጋዩ ቁራጭ አንሱ። በቢላ ፍቁት፣ ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ይደፍቃል። ጀሶውን በጥፍር ትፍቁታላችሁ፣ እሱ አረፋ የለውም። ደህና አድርጋችሁ ካያችሁ የኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር ዛጎል ታገኛላችሁ።

ጎጃም ላይ የባሕር ዛጎል ምን ይሠራል? ማዳጋስካርና ህንድ አንድ ላይ ሆነው ከአፍሪካ መላቀቅ ሲጀምሩ፣ ከ160 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ፣ ባሕር ከምሥራቅ እየሰፋ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ትልቅ ክፍል ሸፈነ። መቀሌ ዙሪያ የምታዩት የኖራ ድንጋይም የዚያው ዘመን ነው። ዳናኪል ግን ሌላ ታሪክ አለው። እዚያ ቀይ ባሕር የገባው ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በዳርቻው የኮራል ቅሪት ትቶ ደርቋል። ሁለቱን ባሕሮች የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። በመካከላቸው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ።

ከድንጋይ ይልቅ እንስሳና ዕፅዋት የምትወዱም ይኸው ጥያቄ ይጠቅማችኋል። የእኛ ደጋና የየመን ደጋ በአብዛኛው የተሸፈኑት በአንድ ዘመን በፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ቀይ ባሕር ኋላ ነው የለያቸው። ሳዑዲ ያላችሁ ልጆች አብሃ ተራሮች ላይ ስትወጡ የምታዩት ጥድ የኛው የሐበሻ ጥድ ነው። «አሃ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ ለሁለት ተከፈለ» ለማለት ይቸኩላል ሰው። ቆይ! ቀይ ባሕር መከፈት የጀመረው ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ያን ያህል ዘመን ተለያይቶ የቆየ ዛፍ አንድ ዝርያ ሆኖ አይቀርም። የጥድ ፍሬ ወፍ ይበላዋል፣ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥለዋል። በሁለቱም ዳርቻ ያለው ጋማው የነጣ ዝንጀሮም ከባሕሩ መከፈት በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ተሻግሯል እንጂ አልተሰነጠቀም።

ቀይ ቀበሮን ደግሞ ተመልከቱ። የቅርብ ዘመዶቹ እነ ተኩላ ናቸው፣ አያቶቹ ከዩራሲያ የመጡ። በጂኦሎጂ ሰዓት ትናንት ማለት ነው፤ ደጋውም ስምጥ ሸለቆውም ያኔ ነበሩ። ቆላ መኖር ስለማይሆንለት ባሌና አርሲ ያለው ከመንዝና ከሰሜን ተራሮች ካለው ጋር አይገናኝም። የደጋ አጋዘን ከሸለቆው በስተምሥራቅ ብቻ ቀርቷል፣ ዋልያ ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ። ስንጥቁ አጥር ሆነ፣ ከፍታው ደሴት ሆነ። ዛሬ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው። እርሻው ሽቅብ እየወጣ ነው፤ የመንደር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ያስይዛቸዋል። ይህንን የሚያደርገው ፕሌት አይደለም፣ እኛ ነን። ፍጥነቱም በሚሊዮን ዓመት አይለካም።

አሁን አዋሽ አጠገብ ስላለው እሳተ ገሞራ፣ ስለ ፈንታሌ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አዋሽ አካባቢ የተከታተለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ በሌሊት ልብስ ደረጃ ስትወርዱ አስታውሳለሁ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሱ። ያኔም ዋናው ነገር ቅልጥ አለት ከሥር መግባቱ ነበር። ብዙ ሰው «መቼ ይደገማል?» እያለ ጠየቀኝ፤ ቀኑን የሚነግራችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። ሀገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከት የግንባታ ኮድ አላት። ቤት ስትገዙ ስለ እምነበረዱ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ዓምዱና ስለ ብረቱ ጠይቁ። ሲቪል ኢንጂነር የምትሆኑ ደግሞ አለቃችሁ «ብረት ቀንሱ» ሲላችሁ ፊርማው የማን እንደሆነ አስቡ።

«ጂኦሎጂ ሥራ አለው ወይ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አለው፣ ግን ቢሮ ውስጥ አይጠብቃችሁም። የውሃ ጉድጓድ የት ይቆፈር፣ መንገዱ በየትኛው ገደል ይለፍ፣ አሉቶ ላንጋኖ ያለው እንፋሎት ስንት መብራት ይወጣዋል፣ ይሄ ሁሉ የኛ ሥራ ነው። ደሞዙ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አይደለም፤ ፀሐዩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ነው። ክረምት ላይ ጊዜ ካላችሁ ከመስክ ባለሙያ ጋር አንድ ሳምንት ውጡ። ዲፓርትመንት ምርጫውን ከዚያ በኋላ ሙሉ።