የገና ኩኪስ ለምን ቅርጹን ያጣል? አይሲንጉስ ለምን ይፈሳል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ለገና በመስቀልና በኮከብ ቅርጽ የቆረጥሽው ኩኪስ ኦቭን ውስጥ ተዘርግቶ ሁሉም ክብ ሆነብሽ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ደረቀ። ከላይ የቀባሽው አይሲንግ (የስኳር ማስጌጫው) ወደ ጎን ፈሰሰ፣ ቀዩም ነጩ ውስጥ ገባ። የተጠቀምሽበት መጠን 250 ግራም ለስላሳ ማርጋሪን፣ 2 ኩባያ ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ 3 ኩባያ ዱቄትና 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነው ብለሻል። በዚህ መጠን፣ በተለይ አዲስ አበባ ላይ፣ ማንም ቢጋግረው ቅርጹን አይዝም። ስለዚህ በእጅሽ አትፍረጂ።

ኦቭን ውስጥ ሁለት ነገሮች ይሽቀዳደማሉ። ቅቤው ይቀልጣል፤ ዱቄቱና እንቁላሉ ደግሞ ይጠነክራሉ። ቅቤው ቀድሞ ከቀለጠ ሊጡ ይፈሳል፣ ዱቄቱ ቀድሞ ከጠነከረ ቅርጹ እንዳለ ይቀራል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ቅቤው ዘግይቶ እንዲቀልጥ፣ ሊጡ ቶሎ እንዲይዝ ለማድረግ ነው።

ከማርጋሪኑ ልጀምር። በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠውና በቢላ ዳቦ ላይ የሚቀባው ለስላሳ ማርጋሪን ብዙ ውሃ አለበት፤ ገና ኦቭን ሳይገባም ለስላሳ ነው። የሚያስፈልግሽ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ጠንካራው የገበታ ቅቤ ነው፤ ስቡ 80 በመቶ ገደማ ነው። ከገበያ የሚገዛ ለጋ ቅቤ የውሃው መጠን ከቀን ቀን ስለሚለያይ ውጤቱን መገመት ያስቸግራል። ንጥር ቅቤ ደግሞ ውሃው የወጣለት ስለሆነ ሊጡ ይፈረካከሳል፣ የኮረሪማና የአብሹም ሽታ አይለቅም። ለጨጨብሳ ይቆይልሽ።

ቀጥሎ ስኳሩ። የእኛ ስኳር ፍሬው ትልቅ ነው። ሊጡ ውስጥ ሳይሟሟ ይቆይና ኦቭን ውስጥ ሲቀልጥ ፈሳሽ ሆኖ ሊጡን ይዞት ይዘረጋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ከረሜላ ይደርቃል። ኩኪሱን ያደረቀብሽ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስኳሩን በደረቅ ብሌንደር ፍጪውና በወንፊት ንፊው፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን መልሰሽ ፍጪ። ለአይሲንግ የምታስቀምጪው ከሆነ በ200 ግራም ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች (ነጩን የበቆሎ ስታርች) ጨምሪበት፣ እንዳይጓጉል ያደርገዋል።

ሚዛን ካለሽ ኩባያውን ተዪው። አንድ ኩባያ ዱቄት እንደ አሞላልሽ ከ120 እስከ 160 ግራም ሊሆን ይችላል፤ በሦስት ኩባያ ላይ ልዩነቱ መቶ ግራም ያልፋል፣ ያ ብቻውን ኩኪስ ያበላሻል። መጠኑ ይኸው፦ 225 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 180 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 400 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ። ከዚህ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ 30 ያህል ኩኪስ ይወጣል። እንቁላሉ የፈረንጅ ከሆነ አንዱ በቂ ነው፤ የሐበሻ እንቁላል ግን ትንሽ ስለሆነ የአንድ ሌላ እንቁላል አስኳል ጨምሪበት።

ቤኪንግ ፓውደር አላስገባሁም፣ ረስቼው አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጋዙ ከመጠን በላይ ይነፋል፤ ሊጡ ያብጥና መልሶ ሲወድቅ ወደ ጎን ይሄዳል፣ የመስቀሉ ጥግም ይደበዝዛል። ባሕር ጠለል አጠገብ ያላችሁ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብታደርጉ አይጎዳችሁም፤ ትንሽ ለስለስ ያደርግላችኋል።

ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥተሽ በጣትሽ ስትጫኚው ጎድጎድ እስኪል ብቻ ጠብቂ። የሚያብረቀርቅና ዘይት የሚመስል ከሆነ አልፏል፣ መልሰሽ አቀዝቅዢው። ከስኳሩ ጋር አንድ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ምቺው። ለኬክ እንደምናደርገው ነጭ እስኪሆን መምታት እዚህ ላይ ጥፋት ነው፤ የገባው አየር ኦቭን ውስጥ ያው እንደ ቤኪንግ ፓውደር ይሠራል። እንቁላሉንና ቫኒላውን ጨምሪ፣ ከዚያ ዱቄቱን ከጨው ጋር በሁለት ጊዜ አስገቢ። ዱቄት ካልታየ አቁሚ። እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት አያስፈልግም፤ ሲታሽ ሊጡ ይለጠጣል፣ ከተቆረጠ በኋላ ይሰበሰባል፣ ሲበላም ይጠነክራል።

ብዙ ሰው ሊጡን ድቡልቡል አድርጎ ፍሪጅ ያስገባና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን በጉልበት ይዳምጣል። ተቃራኒውን አድርጊ፦ ገና ለስላሳ ሳለ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሀል ዳምጪው፣ ከዚያ እንደተዘረጋ በትሪ ላይ አድርገሽ ለአንድ ሰዓት ፍሪጅ አስገቢው። ዱቄት መነስነስም ይቀርልሻል፣ ቅዝቃዜውም እኩል ይደርሰዋል። ውፍረቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለዚህ ቀላሉ መለኪያ እርሳስ ነው፤ ሁለት ያልተቀረጹ እርሳሶች በሊጡ ግራና ቀኝ አስቀምጪና መዳመጫው እነሱ ላይ እየተንከባለለ ይሂድ። ቀጭን ሊጥ ቶሎ ይቀልጣል፣ ዳሩም ያርራል። ወፍራምና ቀጭን የተቀላቀለበት ትሪ ደግሞ ግማሹ ሲበስል ግማሹ ያርራል።

ቅርጽ ማውጫውን ዱቄት አስነክተሽ ቀጥ አድርገሽ ተጫኚ፣ አታዙሪው። የላሊበላ መስቀልን የመሰለ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያለው ቅርጽ ያምራል፣ ግን ከትሪው ሲነሳ ይሰበራል፤ ክንዱ ከአንድ ጣት ያልቀጠነ መስቀል ምረጪና ጥልፉን በአይሲንግ ሥሪው። ማውጫ ካላገኘሽ ቅርጹን በካርቶን ቆርጠሽ ሊጡ ላይ አስቀምጪና በስል ቢላ ዙሪያውን ሂጂበት። የቆረጥሽውን ትሪ ላይ ደርድረሽ እንደገና 15 ደቂቃ ፍሪዘር አስገቢ። ይህችን ደረጃ አትዝለይ፤ ከፍሪዘር ቀጥታ ወደ ጋለ ኦቭን የገባ ሊጥ ዳሩ ሳይቀልጥ ይይዛል። ትንሹን ከትንሽ፣ ትልቁን ከትልቅ ጋር በየትሪው ለይተሽ ጋግሪ።

ኦቭኑ 180 ዲግሪ ይሁን፣ አዲስ አበባ ላይ 185 ብታደርጊውም ጥሩ ነው። ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀድመሽ አሙቂ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ የኤሌክትሪክ ኦቭን ብዙ ጊዜ ቁልፉ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሙቀት አይገናኙም፤ ውስጥ የሚንጠለጠል ቴርሞ ሜትር ብትገዢ ለኬክም ለዳቦም ይጠቅምሻል። ከ9 እስከ 11 ደቂቃ ይበቃዋል፣ በ6ኛው ደቂቃ ትሪውን አዙሪው። የበሰለ ኩኪስ ላዩ ማብረቅረቁን ያቆማል፣ ዳሩ ብቻ በጣም ትንሽ ወርቃማ ይሆናል፣ መሀሉ ነጣ እንዳለ ነው። «ገና ነው» ብለሽ ሁሉም እስኪቀላ ከጠበቅሽ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ሁለተኛው የመድረቁ ምክንያት ይኸው ነው። ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ተዪው፣ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። መብራት ከጠፋ አትጨነቂ፤ ሊጡ በደንብ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል።

አሁን ወደ አይሲንጉ። ኩኪሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትንኪው፤ ቢቻል አሳድሪው። ለብ ባለ ኩኪስ ላይ የገባ አይሲንግ ይቀልጣል፣ ከሥር የሚወጣው ቅባትም በማግስቱ ነጩ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል።

ለሮያል አይሲንግ 2 የእንቁላል ነጭ፣ ከ350 እስከ 400 ግራም በደንብ የተነፋ የተፈጨ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ሳህኑና መምቻው ቅባት ካለባቸው አይነፋም፣ ስለዚህ በሎሚ ወልውያቸው፤ ቅባት የሚይዘውን ፕላስቲክ ተይና የብርጭቆ ወይም የብረት ሳህን ተጠቀሚ። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች የሚበሉት ከሆነ ጥሬ እንቁላል አትስጪ፣ ሳልሞኔላ የሚባለው የሚያሳምም ባክቴሪያ ያስፈራል። ነጩን ከ100 ግራም ስኳር ጋር በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እያማሰልሽ 71 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቂው፣ ከዚያ የቀረውን ስኳር ጨምረሽ ምቺ። የሜሬንግ ዱቄት (ከደረቀ እንቁላል ነጭ የሚሠራ ዱቄት) ካገኘሽ ከሁሉም ይቀላል።

የፈሰሰብሽ አይሲንጉ አንድ ዓይነት ውፍረት ብቻ ስለነበረው ነው። ሁለት ያስፈልግሻል። የመጀመሪያው እንደ ጥርስ ሳሙና ወፈር ያለ ሆኖ የኩኪሱን ዳር የምታሰምሪበት ነው፤ እሱ ግድግዳ ይሆናል። ከዚያ ከዚያው ላይ ቀንሰሽ ውሃ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እየጨመርሽ አቅጥኚውና በቢላ ጫፍ መሀሉን ሰንጥቂው፤ መስመሩ ከ15 እስከ 20 ስትቆጥሪ ከጠፋ ለመሙያ ደርሷል። ከ10 በፊት ከጠፋ ይፈሳል፣ ስኳር ጨምሪበት። እስከ 30 ካልጠፋ ደግሞ ላዩ እኩል አይሆንም። ግድግዳው ውስጥ አፍስሺና በስቴኪኒ ወደ ጥጉ ግፊው፣ የአየር አረፋውንም በዚያው አፈንጂ። የማትጠቀሚበትን አይሲንግ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ላዩ ይደርቃል።

ቀዩ ነጩ ውስጥ የገባው ነጩ ሳይደርቅ ስለቀባሽው ነው። ላዩ በ20 ደቂቃ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። በታኅሣሥ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ አንድ ሌሊት ይበቃል። እንደ ዱባይና ጅዳ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ያላችሁ ግን ወበቁ ስለሚያዘገየው ከቬንቲሌተር ፊት አሳድሩት። ሌላው ምክንያት ቀለሙ ነው። በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ ቀለም ቀይ እስኪሆን ብዙ ይፈልጋል፣ አይሲንጉን ያቀጥነዋል፣ ይመርራልም። ጄል ወይም ዱቄት ቀለም ፈልጊ። ቀይና አረንጓዴ ሲያድሩ ይደምቃሉ፣ ስለዚህ ከምትፈልጊው ትንሽ ፈዘዝ አድርገሽ አቁሚ። ለቢጫ አንድ ቁንጥር እርድ በጣም በትንሽ ሙቅ ውሃ በጥብጠሽና አጥልለሽ ብትጨምሪ ደህና ቀለም ይሰጣል፣ ጣዕሙም አይታወቅም። አይሲንግ የተቀባ ኩኪስ ፍሪጅ አታስገቢ፤ ሲወጣ ላብ ያወጣና ቀለሙ ይዋሃዳል።

ጾም ላይ ሆነሽ ነው የምትጋግሪው ብዬ ስለገመትኩ አንድ ነገር ልጨምር። የነቢያት ጾም የሚፈታው ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ሊጡንም አይሲንጉንም ቀምሰሽ ማስተካከል አትችይም። በዚህ ምክንያት ጨውና ቫኒላውን በግምት ሳይሆን በመለኪያ ማንኪያ ስፈሪ፤ ጨው የሌለው ኩኪስ ስኳር ብቻ ይላል። የገበታ ቅቤው ጨው ያለው ከሆነ የተጨመረውን ጨው ተዪው። ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሪ፦ ታኅሣሥ 26 ሊጡን አዘጋጅተሽ ጋግሪ፣ በ27 ጠዋት ነጩን ሙዪና አሳድሪው፣ በ28 ቀይና አረንጓዴውን ጌጥ ሥሪ። እስከ ገና ጠዋት ደርቆ ሊደራረብ ይችላል።

ከበዓሉ በፊት ለልጆች የጾም ኩኪስ ከፈለግሽ 200 ግራም ጠንካራ የአትክልት ማርጋሪን፣ 150 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 370 ግራም ዱቄት፣ ጨውና ቫኒላ፣ ከዚያ ሊጡ እስኪያያዝ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ። የማርጋሪኑን ጀርባ አንብቢ፣ አንዳንዱ ወተት አለበት። ለአይሲንጉ በእንቁላል ነጭ ፋንታ ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ይሆናል፤ ያለ ጨው ቀቅለሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ እስኪዝለገለግ ውሃውን እሳት ላይ አሳንሺውና አቀዝቅዢው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህሉን አረፋ እስኪያወጣ ምቺና 300 ግራም የተፈጨ ስኳር በጥቂት በጥቂቱ ጨምሪ። ከእንቁላሉ ትንሽ ቆይቶ ይደርቃል እንጂ መስመሩንም መሙያውንም እኩል ይሠራል።

በሚቀጥለው ስትጋግሪ መጀመሪያ ሁለት ኩኪስ ብቻ አስገብተሽ ሞክሪ። ከተዘረጉ የቀረውን ሊጥ ሌላ 15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው፤ ያም ካልበቃ ቁራጩን ሰብስበሽ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሪና እንደገና ዳምጪው። የኦቭንሽን ዓይነትና ቴርሞ ሜትሩ ያሳየሽን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ፣ ደቂቃውን አብረን እናስተካክለዋለን።